የእያንዳንዱን ፍሬ ስም የጠየቅሁበት ሳምንት

ከሁሉ አስቀድሜ ልናዘዝ፦ እኔ ሰላምታ አብዢ ነኝ። አብዢ ስል እናንተ የምታስቡትን ያህል አይደለም፤ ከዚያ ይብሳል። ያደግሁት ደብረ ማርቆስ አካባቢ ነው። አባቴ አንድ ቤት ገብቶ ከተቀመጡት ሰዎች አንዱን ሳይጨብጥ ከዘለለ እህል የማይወርድለት ሰው ነበር። አንድ ጊዜ ሠርግ ቤት ሰላምታ ጀምሮ እስኪጨርስ ሙሽሮቹ ሄደው ነበር ይባላል። እንዲህ የምትለው እናቴ ናት፤ እሷ ደግሞ ትንሽ ትጨምራለች። ብቻ የዚያ ሰው ልጅ መሆኔን ፊቴ ባይናገር እጄ ይናገራል።

ጅማ የመጣሁት ለሁለተኛ ዲግሪ ነው። የተከራየሁት ቦሳ ኪቶ በሚባል ሰፈር፣ ሀጂ ሙዘሚል የሚባሉ ሽማግሌ ግቢ ውስጥ ነው። ሀጂ ዕድሜያቸውን ሙሉ እዚያው ጅማ፣ መርካቶ የሚባለው ገበያ ውስጥ ልብስ ሲሰፉ የኖሩ ሰው ናቸው። አሁን ዓይናቸው ክር አላስገባ ብሏቸው ሜትራቸውን ሰቅለው፣ የቀረውን ዕድሜያቸውን እኔን ሲታዘቡ ያሳልፋሉ።

ባለፈው ኅዳር፣ አንድ እሑድ፣ ጎረቤት ለዱዓ ተጠርተን አብረን ሄድን። ድንኳኑ ውስጥ አርባ የሚያህሉ ሽማግሌዎች በምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። ሀጂ መግቢያው ላይ ቆሙና «አሰላሙ ዐለይኩም» አሉ። አርባው ሰው ባንድ ድምፅ መለሰላቸው። ገብተው ተቀመጡ። በቃ፣ አለቀ። እኔስ? ከበሩ በስተቀኝ ካሉት ጀመርኩ። እጅ መጨበጥ፣ ጎንበስ ማለት፣ «እንደምን ዋሉ? ጤናዎ እንዴት ነው? ልጆች ደህና ናቸው? ከብቱስ?» ጅማ መሃል ከተማ ከብት ከየት ይመጣል? አፌ አንዴ ከጀመረ ግን የት እንዳለ አይጠይቅም። ሃያ ሁለተኛው ሽማግሌ ላይ ስደርስ ሩዙ በርዷል። የቀሩት አሥራ ስምንቱ በረሀብ ይሁን በአዘኔታ ባላውቅም እጃቸውን ከሩቅ ዘርግተው ይጠብቁኛል።

«ልጄ፣ ማሎ፣ ተቀመጥ» አሉ ሀጂ ከወዲያ ማዶ። «ሰላሙ እኮ ለሁሉም ደርሷል።»

ማሎ ማለት እባክህ ማለት ነው፤ የኦሮምኛ ልመና ነው፤ ሀጂ የሚጠቀሙበት ግን ትዕግሥታቸው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ነው። ተቀመጥኩ። በሆዴ ግን «ሰው እንዴት በጅምላ ሰላም ይባላል?» እያልኩ አጉረመረምኩ። ይህችን ጥያቄ እዚህ ላይ ያዙልኝ፤ ዋጋዋን በሳምንቱ ከፍያለሁና።

የመመረቂያ ሥራዬ ስለ ቡና ማድረቂያ አልጋ ነው። አልጋ ስላችሁ የሚተኛበት አይደለም፤ በእንጨትና በሽቦ ከመሬት ከፍ ተደርጎ የተሠራ፣ የታጠበ ቡና የሚሰጣበት ነው። የሀጂ እህት አዴ ዘሃራ ከጅማ ወጣ ብላ ባለችው የቡ ከተማ፣ በአንድ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ፣ የሴቶቹ አለቃ ናቸው። አምና በእርሳቸው አማላጅነት ሙቀት የሚያይ የውሰት ካሜራ ይዤ ለቀማው እስኪያልቅ ድረስ አልጋዎቹን ፎቶ ሳነሳ ከረምኩ። እርጥበት የያዘ ቦታ ቀዝቀዝ ይላል፤ የደረቀው ሞቅ ይላል። እርጥብ ሆኖ የቀረ ቡና ደግሞ ይሻግታል። እንግዲህ ሁልጊዜ እርጥበት ይዘው የሚቀሩት የትኞቹ አልጋዎች ናቸው? ጥያቄዬ ይኸው ብቻ ነበር። መልሱን አርብ ስምንት ሰዓት ላይ መርማሪዎች ፊት ማቅረብ አለብኝ። ካላቀረብኩ ምረቃዬ ለከርሞ ይተላለፋል። እናቴ ደግሞ ለመላው ዕድርተኛ «ልጄ ተመርቋል» ብላ ካወራች ሦስት ወር አልፏታል። እናቴን ውሸታም ማድረግ አልፈለግሁም፤ ስለ ሠርጉ የጨመረችው ይበቃታል።

ያ ካሜራ የሚሰጠው ነገር ለእኛ ፎቶ ይምሰለን እንጂ ለኮምፒውተሩ ሠንጠረዥ ነው፤ ረድፍና ዓምድ ያለው፣ በእያንዳንዷ ሳጥን ውስጥ አንድ የሙቀት ቁጥር የተቀመጠበት። ባለሙያዎች ማትሪክስ ይሉታል። በአንዱ ፎቶ ሦስት መቶ ሺህ ያህል ቁጥር አለ፤ ፎቶዎቹ ከሺህ ይበልጣሉ። ታዲያ እኔ፣ የዚያ ሰው ልጅ፣ ፕሮግራሙን ስጽፍ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ከመጀመሪያው ረድፍ፣ ከመጀመሪያዋ ሳጥን በር ላይ እቆማለሁ። «እንደምን አደርሽ? በርዶሻል? ጎረቤትሽስ እንዴት ናት፣ ካንቺ ትሞቃለች ወይስ ትቀዘቅዛለች?» እላለሁ። መልሷን እመዘግባለሁ። ወደ ሁለተኛዋ እሄዳለሁ፤ «እንደምን አደርሽ? በርዶሻል?» ረድፉ ሲያልቅ ወደሚቀጥለው ረድፍ፣ ፎቶው ሲያልቅ ወደሚቀጥለው ፎቶ። አንዷንም ሳልዘል። አባቴ ቢያየኝ ይመርቀኝ ነበር።

ፕሮግራም የሚጽፉ ሰዎች ይህን ዙር ሉፕ ይሉታል። አማካሪዬ ዶክተር ሰናይት ከስድስት ወር በፊት በረቂቄ ጠርዝ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ይህን ሁሉ ሉፕ አውጣው!» ብለው ጽፈውልኝ ነበር። እኔ የምርጫ ጉዳይ መሰለኝ፤ ወጥ ላይ ሽንኩርት መብዛቱን የማይወድ ሰው አለ አይደል? ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ብዬ ተውኩት። የኔ እንቁላል ግን እግር አውጥቶ ለመሄድ ድፍን አሥራ አንድ ሰዓት ይፈጅበት ነበር።

«ታዲያ በየመሃሉ ውጤቱን እያስቀመጥክ ለምን አትሄድም?» የሚል ብልህ አንባቢ አይጠፋም። አዎ፤ እኔም አሁን ብልህ ነኝ። ያኔ ግን ውጤቱን ሁሉ በመጨረሻ ባንድ ላይ ላስቀምጥ ነበር ያሰብኩት። በጅምላ መሥራት የነበረብኝን በተናጠል፣ በተናጠል ማስቀመጥ የነበረብኝን በጅምላ። መሳሳትም ሙያ ነው፤ እኔ ደግሞ ሙያዬን ጠንቅቄ አውቃለሁ።

የላፕቶፔን ነገር ካልነገርኳችሁ ደግሞ የቀረው አይገባችሁም። ባትሪው ከሞተ ቆይቷል፤ ሶኬት ላይ ካልተሰካ አይነሳም። የቻርጀሩ ገመድ አንገቱ ላይ ተሰብሮ በሆነ በኩል ካልተጫኑት መብራት አያሳልፍም። ያንን «በሆነ በኩል» ያገኘሁት በሀጂ የከሰል ካውያ ነው። ካውያው በደጉ ዘመን የጅማን ሱሪ ሁሉ ያስተኛ፣ ሽፋኑ ላይ የብረት ዶሮ የተቀመጠበት፣ ክብደቱ የጎረምሳ እጅ የሚያዝል ነው። እሱን ገመዱ ላይ አስቀምጬ አፍንጫውን ወደ መስኮቱ ካዞርኩት ላፕቶፑ ይበራል። ወደ በሩ ካዞርኩት ይጠፋል። ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ፤ እኔም አልጠየቅሁትም።

ሰኞ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ካውያውን አስተካክዬ ፕሮግራሙን አስነሳሁ። እንደ አራስ ጠባቂ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ስንተኛው ፎቶ ላይ እንደደረሰ የምትነግረኝ አንዲት ቁጥር አለች፤ እሷ ስትጨምር እኔ እደሰታለሁ። ምሳ ሰዓት አለፈ። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ሁለት ሰዓት ብቻ ሲቀረኝ የጎረቤት ሬዲዮ ቃል አንጠልጥሎ ጸጥ አለ። መብራት ሄደ። ሰፈሩ ሁሉ «እ!» አለ። የኔ «እ» ብቻ ትንሽ ረዘመች።

ማክሰኞ ጠዋት እንደገና ጀመርኩ። መብራቱ ደህና ነው፤ ካውያው ደህና ነው፤ ቁጥሯ ትሄዳለች። እኩለ ቀን ላይ ያለቁትን ምዕራፎች ላሳትም ወደ መርካቶ ወጣሁ። አሥር ሰዓት ላይ ስመለስ ስክሪኑ ጨለማ ነው። ገመዱ በሥርዓት ተጠቅልሏል። ካውያው መስኮቱ ላይ አቧራው ተጠርጎ ተቀምጧል። ሀጂ በሬ ላይ ቆመው፣ ደግ ሥራ የሠራ ሰው ፊት ይዘው ይጠብቁኛል።

«ሀጂ፣ ማን ነቀለው?»

«እኔ ነኛ። ወላሂ አላስቻለኝም። ሲያለከልክ በግድግዳ ሰማሁት። ገብቼ ብነካው ግለቱ! ደግሞ ሥራ እንኳ አይሠራም፤ ከጠዋት ጀምሮ አንድ ቁጥር ላይ አፍጥጦ ነው። በሬም እኮ እኩለ ቀን ላይ ይፈታል፣ ልጄ።»

መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ነገሩን ቀስ ብዬ ሳስረዳቸው ፊታቸው እየተለወጠ መጣ። «የሰው ዓመት ነቀልኩ ማለት ነው?» አሉ። «አይ፣ አንድ ቀን ብቻ ነው» ብል አልሰሙኝም። ራታቸውን ሳይበሉ ተኙ፤ በማግስቱም ቁርስ አልቀመሱም። ሦስት ዓመት እቤታቸው ስኖር አንድ ቀን ያላስቀየሙኝ ሰው ለላፕቶፔ አዝነው እንዲህ መጎዳታቸው ከፕሮግራሙ በላይ አንጀቴን በላው።

ረቡዕ መብራት ከጠዋት እስከ ማታ የለም። በእስክሪብቶ ወረቀት ላይ የሽፋኑን ገጽ አሳመርኩ፤ የመታሰቢያውን ገጽ ሁለት ጊዜ ጻፍኩ። ሀጂ ግን ዝም ብለው አልተቀመጡም። ስልካቸውን ከጆሯቸው ሳያነሱ፣ ግማሹን በኦሮምኛ ግማሹን በአማርኛ ሲከራከሩ ቆዩና መጡ። «እህቴን አነጋገርኩ። የቡ ጀነሬተር አለ። ነገ በጠዋት ትሄዳለህ። ካውያውንም ያዘው።»

ሐሙስ ጠዋት ላፕቶፔን በጋቢ ጠቅልዬ፣ ካውያውን ታቅፌ የየቡ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። ረዳቱ አየኝና «ወንድም፣ ካውያው ራሱን ችሎ ይቀመጣል ወይስ ታቅፈኸው ነው?» አለኝ። አጠገቤ የተቀመጡት እናት «ሠርግ አለ እንዴ የቡ?» ብለው ጠየቁኝ። «የለም እማማ፣ የትምህርት ነው» ስላቸው ሁለተኛ አላነጋገሩኝም።

ጣቢያው ስደርስ ሁለት ሰዓት ሆኗል፤ ጀነሬተሩ እየጮኸ ነው። የዘንድሮው ለቀማ ተጀምሮ ሃያ ሦስት ሴቶች ግማሾቹ በአልጋዎቹ ዙሪያ፣ ግማሾቹ በገንዳው አጠገብ ይሠራሉ። እኔም እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ጀመርኩ። «ዘይነባ፣ እንዴት ነሽ? ልጅሽ ጥርሱን አሞት ነበር፣ ተሻለው? ፈቲያ፣ አከም ጅርታ? እናትሽ ደህና ናቸው?» እንዲህ እያልኩ አሥራ ሰባተኛዋ ላይ ስደርስ አዴ ዘሃራ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው፣ ቆመው ያዩኛል።

«ጀነሬተሩ ከበራ ግማሽ ሰዓት ሆነው እኮ» አሉ። «ለማን ብሎ ነው የሚጮኸው?»

እየሮጥኩ ገብቼ ሰካሁ፤ ካውያውን አስቀመጥኩ፤ አፍንጫውን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። ፕሮግራሙ ተነሳ። አዴ ዘሃራ ከኋላዬ ጎንበስ ብለው አዩ።

«ስንት ሰዓት ይፈጃል?»

«አሥራ አንድ ሰዓት።»

«ጀነሬተሩ እኮ ስድስት ሰዓት ላይ ይጠፋል። የመፈልፈያው ሥራ እስከዚያ ነው።»

አሥራ አንድ ሰዓትን ሦስት ሰዓት ተኩል ውስጥ ለመክተት በጭንቅላቴ ሞከርኩ። አልገባም። ውጭ ወጥቼ ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ላለቅስ ምንም አልቀረኝም ነበር። የእናቴ ዕድርተኞች አንድ በአንድ ፊቴ ላይ ተደረደሩ።

አዴ ዘሃራ ሰው ሲያዝን ሥራ የሚሰጡ ሴት ናቸው። አንድ ቅርጫት እሸት ቡና ፊቴ አስቀመጡ። «ዝም ብለህ ከምታፈጥ ፍሬ የሌለውንና ነቀዝ የበላውን ለይልኝ።»

ጀመርኩ። አንዷን ቀይ ፍሬ አነሳሁ፤ አገላብጬ አየሁ፤ ቀዳዳ የላትም፤ ጫን አደረግኳት፤ ደህና ናት፤ በቀኝ አስቀመጥኳት። ሁለተኛዋን አነሳሁ። አገላበጥኩ። ጫን አደረግሁ። ከሃያ ደቂቃ በኋላ በቀኜ አንድ እፍኝ፣ በግራዬ አራት ፍሬ አለ፤ ቅርጫቱ ግን ማንም የነካው አይመስልም። ሴቶቹ መጀመሪያ በነጠላቸው ሸፍነው ሳቁ፤ ቀጥለው ሳይሸፍኑ ሳቁ።

«ምን እያደረግህ ነው?» አሉ አዴ ዘሃራ።

«እየለየሁ።»

«ስሟን ጠየቅሃት? የማን ልጅ ነኝ አለችህ?» ቅርጫቱን ከፊቴ አነሱና ገንዳው ውስጥ ገለበጡት። ውሃው ተናወጠ፤ ረጋ። ደህናው ፍሬ ወደ ታች ሰመጠ። ባዶውና ነቀዝ የበላው ሁሉ ባንድ ጊዜ ላይ ተንሳፈፈ። በወንፊት ሁለት ጊዜ ገፈፍ፣ ገፈፍ አድርገው ወዲያ ደፉት። አንዷንም ፍሬ ምንም አልጠየቋትም። «ውሃው ይጠይቅልሃል። ያንተ ሥራ የተንሳፈፈውን መግፈፍ ነው። ቶሌ?»

ቶሌ ማለት እሺ ማለት ነው። እኔ ግን ገንዳውን እያየሁ ቆምኩ። ሀጂ ድንኳኑ በር ላይ ቆመው በአንድ ሰላም አርባ ሰው አዳርሰዋል። ዶክተር ሰናይት በቀይ ጽፈውልኛል። አሁን ደግሞ ውሃው። ሁለት ሰዎች አንዱን ነገር በየራሳቸው ቋንቋ ነግረውኝ፣ የገባኝ በሦስተኛው፣ እሱም በሳቅ ታጅቦ ነው።

ሮጬ ገባሁ። የሚሄደውን ፕሮግራም በገዛ እጄ አቆምኩት። ያንን ሁሉ ዙር ሰረዝኩና በቦታው አንድ መስመር ጻፍኩ። ኮምፒውተሩን «እያንዳንዷን ሳጥን ጠይቅ» አላልኩትም። «ሠንጠረዡን እንዳለ ውሰድና ከዚህ ሙቀት በታች የሆነውን ሁሉ ባንድ ጊዜ አንሳፍፍልኝ» ነው ያልኩት። ለዚህ የተዘጋጀ መንገድ ነበረ እኮ! ሠንጠረዡን ባንድ ቁጥር ስትመዝነው፣ የዚያኑ ያህል ስፋት ያለው የአዎና የአይደለም ሠንጠረዥ ይሰጥሃል። እሱ ወንፊትህ ነው። ላዩ ላይ ታስቀምጠዋለህ፤ ትገፍፋለህ፤ አለቀ። መጽሐፉ ሁለተኛ ምዕራፍ ላይ አለ። እኔ ከአንደኛው ምዕራፍ ሰላምታ አልጨረስኩም ነበር።

በመጀመሪያው ፎቶ ሞከርኩት። አልጋው ሁሉ እርጥብ ነው አለኝ፤ አንድ ጥግ ብቻ ሲቀር። አዴ ዘሃራ አንገታቸውን አስገብተው አዩ። «ይሄ እኮ የመስከረም ዝናብ እንኳ እንዲህ አያደርገውም። የሰመጠውን ነው እንዴ የገፈፍከው?» አዎ፤ «በታች» የምትለዋን ምልክት ገልብጬ «በላይ» አድርጌ ጽፌያት ኖሮ፣ ደህናውን ደፍቼ ነቀዙን ይዤ ቁጭ ብያለሁ። አስተካከልኩ። አሁን እርጥቡ ቦታ ብቻ ነጥሮ ወጣ።

የጎረቤት ነገር ግን ቀርቷል። ፕሮግራሜ እያንዳንዷን ሳጥን ከአጠገቧ ጋር ያስተያያል ብያችኋለሁ፤ ይህንንስ እንዴት አድርጌ ያለ ዙር እሠራዋለሁ? በመስኮት ሳይ ሴቶቹ አንድ ረጅም አልጋ ዳር ተደርድረው ቡናውን ያገላብጣሉ። አዴ ዘሃራ ወጥተው አንዴ ሲያጨበጭቡ ሁሉም ባንድ ጊዜ አንድ እርምጃ ወደ ቀኝ ሄዱ፤ እያንዳንዷ የጎረቤቷ ቦታ ላይ ቆመች። ይኸው! የሠንጠረዡን ቅጂ አውጥቼ፣ እሱን አንድ ዓምድ ወደ ቀኝ አራምጄ፣ አንዱን ሠንጠረዥ ከሌላው እንዳለ ቀነስኩ። ሦስት መቶ ሺህ ጎረቤት በአንድ ጭብጨባ ተያየ።

ለስድስት ሰዓት ሃያ ጉዳይ ሲሆን ሁሉንም ፎቶዎች አሰልፌ አስነሳሁት። ውሃ ልጠጣ ተነሳሁ፤ ስመለስ አልቋል። አራት ደቂቃ አልሞላም። ደስ ያለኝ መሰላችሁ? ተበላሸ ብዬ ደነገጥኩ። አሥራ አንድ ሰዓት የለመደ ሰው አራት ደቂቃ ሲሰጡት የተሰረቀ ይመስለዋል። አንዱን ፎቶ መርጬ በድሮው መንገድ፣ በር በር እያንኳኳሁ አስላሁት፤ አንዷም ቁጥር ሳትዛነፍ ያው ሆነ። ከዚያ ውጤቱን ላፕቶፑ ላይ፣ ፍላሽ ላይ፣ ደግሞ ሌላ ፍላሽ ላይ አስቀመጥኩ። ስድስት ሰዓት ላይ ጀነሬተሩ ጠፋ፤ ላፕቶፑም አብሮት ጠፋ፤ እኔ ግን እስቅ ነበር።

ከመጥፋቱ በፊት ካርታውን ለአዴ ዘሃራ አሳይቻቸው ነበር። እርጥበት የሚይዙት ሁላችን የጠረጠርናቸው በወንዙ በኩል ያሉት አልጋዎች አይደሉም፤ ከዋንዛው ዛፍ ጥላ ሥር ያሉት ስድስቱ ናቸው። አዩትና ወደ ሴቶቹ ዞረው በኦሮምኛ አንድ ነገር ተናገሩ። እንደገና ሳቅ ሆነ።

«ይህንንማ እናውቀዋለን» አሉኝ። «ከዋንዛው ሥር ያለው እጅ ላይ ይቀዘቅዛል።»

«ታዲያ ዓመት ሙሉ ለምን አልነገሩኝም?»

«መቼ ጠየቅኸን? ቁጥሮቹን ስትጠይቅ አይደል የከረምከው?»

አርብ ስምንት ሰዓት ላይ መርማሪዎቹ ፊት ቆምኩ። ካውያውንም ጠረጴዛው ላይ አቆምኩት። አንደኛው መርማሪ ከመነጽራቸው በላይ አዩትና «ይህ የመረጃ መሰብሰቢያ መሣሪያ ነው?» አሉ። «አይደለም፣ የኃይል አቅርቦት ነው» አልኩ። ሁሉንም ተናገርኩ፤ ገንዳውንም፣ ወንፊቱንም፣ ጭብጨባውንም። ካርታው ትክክል ስለመሆኑ ምን ማስረጃ እንዳለኝ ሲጠይቁኝ የሃያ ሦስት ሴቶች እጅ አልኳቸው፤ ስማቸውን አንድ በአንድ መጨረሻው ገጽ ላይ አስፍሬው ነበር። ዶክተር ሰናይት መነጽራቸውን አወለቁ።

«ሉፑን አውጣው ብዬ ከስድስት ወር በፊት ጽፌልህ ነበር።»

«አይቼዋለሁ፣ ዶክተር።»

«ታዲያ?»

«ውሃ ውስጥ አላየሁትም ነበር።»

አለፍኩ። ሀጂ ሲሰሙ «አልሐምዱሊላህ!» ብለው እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉና ምግብ አስቀረቡ፤ ከማክሰኞ ወዲህ ጠግበው ሲበሉ ያየኋቸው ያን ቀን ነው። እናቴ በስልክ እልል አለች፤ ቀጥላም «እኔማ ድሮ ነግሬያቸዋለሁ» አለች።

ቅዳሜ ጠዋት ለማመስገን ወደ የቡ ሄድኩ። አዲስ ዕውቀት ያገኘ ሰው አያድርስባችሁ። መንገዱን ሙሉ እንዴት ባማረ መንገድ እንደማመሰግን ሳሰላስል ነበር። በሩ ላይ እንደ ሀጂ ቀጥ ብዬ ቆምኩ። «አሰላሙ ዐለይኩም! አልፌአለሁ! ሁላችሁንም ከልቤ አመሰግናለሁ!» ብዬ በአንድ ትንፋሽ ሃያ ሦስቱንም አዳረስኩ። ከዚያ ጆንያዬ ላይ ሄጄ ተቀመጥኩ። አራት ሰኮንድ አልፈጀብኝም፤ ኮርቻለሁ።

ሴቶቹ «ዐለይኩም ሰላም» አሉ። አንዳንዶቹ «እንኳን ደስ ያለህ» አሉ። አዴ ዘሃራ ወንፊታቸውን አስቀምጠው መጡ።

«ሐሙስ ጭንቅ ላይ ሆነህ አንድ በአንድ ጠየቅኸን» አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ዛሬ ሲሞላልህ በጅምላ?»

ፊቴ እንደ እሸት ቡና ቀላ። ሰላም ለሁሉም ይደርሳል፤ ሀጂ እውነታቸውን ነው። ምስጋና ግን የሰጠህን ሰው በስሙ ካልጠራኸው የት እንደሚሄድ አያውቅም። አባቴ ሳያስተምረኝ የሞተው ነገር የለም፤ እኔ ነኝ ትምህርቱን ቁጥሮች ላይ ያባከንኩት።

ተነሳሁ። ከገንዳው ጀመርኩ። ፈቲያን ስለ ወንፊቱ አመሰገንኳት፤ አዴ ዘሃራ ቅርጫቱን ሲገለብጡ ይዛልኝ የቆመችው እሷ ነበረች። ዘይነባን አመሰገንኳት፤ ያን ቀን ላፕቶፔ ላይ ውሃ እንዳይረጭ ነጠላዋን መስኮቱ ላይ የሰቀለችው እሷ ናት፤ የልጇም ጥርስ ተነቅሏል። አንዷ ውሃ ሰጥታኛለች፤ አንዷ በጣም ስቃብኛለች፣ ለሳቋም አመሰገንኳት። ከእያንዳንዷ አልጋ አጠገብ ቆምኩ። ማንም አልቸኮለም፤ ጀነሬተሩም ያን ቀን አይሠራም። ፀሐይዋ ከዋንዛው በላይ ወጣች፤ የረፋዱ ሚኒባስ ጡሩምባውን ነፍቶ ጥሎኝ ሄደ። በጣቴ እየቆጠርኩ ሃያ ሦስተኛዋ ላይ ደረስኩና፣ ዕዳዬን የጨረስኩ መስሎኝ ወደ ጆንያዬ ተመለስኩ።

«እኔስ?» አሉ አዴ ዘሃራ።

ቆጠራዬ ውስጥ አልነበሩም። ሴቶቹን ስቆጥር አለቃቸውን ዘልዬ ነው የቆጠርኩት፤ አምናም፣ ሐሙስም፣ መመረቂያዬ መጨረሻ ገጽ ላይም። ሲቆጥሩ አንድ ማጉደል የፕሮግራም ጸሐፊ ሁሉ የታወቀ ስህተት ነው፤ እኔ ያጎደልኳቸው ግን ገንዳውን ያሳዩኝን ሴት ነው። ሄጄ ፊታቸው ቆምኩ። ዝቅ ብዬ ሁለቱንም እጆቻቸውን በሁለት እጄ ያዝኩ። የቡና ውሃ ያጨማደዳቸው፣ ቀዝቃዛ እጆች ነበሩ።

«ገለቶማ፣ አዴ ዘሃራ» አልኩ። በኦሮምኛ ያለኝ ምስጋና ይኸው ብቻ ነው።

«ቶሌ» አሉ፣ እጃቸውን ሳይነጥቁኝ። «አሁን ተቀመጥ።»